የጎረቤት ውሻ እናንተንም ውሻችሁንም ከነከሰ፦ የቱ ይቅደም፣ የቱስ ይሻላል?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ። ጠዋት ጋቢዬን ደርቤ ቡቺን አስከትዬ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ቡቺ ማለት ድመት የምታክል ነጭ ውሻ ናት፣ ሰው ከጮኸባት አልጋ ስር የምትገባ። የጎረቤቴ በር ገርበብ ብሎ ነበርና የሳቸው ውሻ ሹልክ ብሎ ወጥቶ አንዴም ሳይጮህ ትከሻዋን ግጥም አርጎ ያዛት። እኔም ምን እንዳሰብኩ አላውቅም እጄን መሃላቸው ከተትኩት። ከዛ በኋላ የሆነውን ገምቱት፣ አውራ ጣቴ ስር ሁለት ቀዳዳ፣ ክንዴ ላይ ጭረት፣ የቡቺ ትከሻ ደግሞ ተሸንቁሮ ደሟ ነጩን ፀጉር አበላሽቶት።

የውሻው ስም ማናለብኝ ነው። የኛ አገር የውሻ ስም መቼም ለውሻው ብቻ ተብሎ አይወጣም፣ ሰሙ ውሻው ነው ወርቁ ጎረቤት፣ ቅኔ ቤት በደጁ ያላለፈ ሰው እንኳ ይገባዋል። እና ድሮም "ማናለብኝ! ና!" ሲባል ቅር ይለኝ ነበር፣ ያን ቀን ደግሞ ጭራሽ።

ሰፈሩ ወዲያው ተሰበሰበ። አንዱ "በለው ውሻውን፣ አሁኑኑ" ይላል፣ አንዷ "ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠህ እሰርበት"፣ ሌላው "እኔ የማውቀው መድኃኒተኛ አለ፣ ስንቱን የተለከፈ አድኗል"፣ አንድ አዛውንት ቀስ ብለው "ልጄ ጎረቤት ነው፣ ዝም በል"፣ አንድ ጎረምሳ ደግሞ ፖሊስ ልጥራ ብሎ ስልኩን አውጥቷል። ሁሉም አዝኖልኝ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። ችግሩ ምክሮቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። ውሻውን ከገደላችሁት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጉዳይ ይወሳሰባል፣ ሽማግሌ እስኪቀመጥ ከጠበቃችሁ ክትባቱ ይዘገያል፣ ዝም ካላችሁ ደግሞ ነገ ማስረጃ የላችሁም። ስለዚህ እኔ ከሀኪምም ከእንስሳት ሀኪምም ከሕግ ሰውም ጠይቄ ያወቅኩትን እያነጻጸርኩ ልጻፍላችሁ፣ እኔ ራሴ ከሦስቱም አይደለሁም።

መገላገል፦ በእጅ፣ በዱላ ወይስ በጋቢ

ይሄን ቶሎ ልለፈው ምክንያቱም ለናንተ የሚጠቅማችሁ ለሚቀጥለው ጊዜ ነው። እጅ መክተት የመጨረሻው መጥፎ አማራጭ ነው፣ የተያዘችው ውሻ ራሷ በህመም ትነክሳችኋለች። ትንሿን ብድግ አርጎ መሸከምም ያው ነው፣ ትልቁ ወደናንተ ይዘላል። በዱላ መምታት አንዳንዱን ያስለቅቃል፣ አንዳንዱን ግን ይብስ ያጠነክረዋል። የተሻለው ባልዲ ውሃ ፊቱ ላይ መድፋት ወይም ወፍራም ጨርቅ ራሱ ላይ መጣል ነው፣ ዓይኑ ሲጨልምበት ብዙ ጊዜ ይለቃል። ጋቢዬን ለብሼ ቆሜ እጄን የሰደድኩት እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ሳቁብኝ።

የመጀመሪያው ሰዓት፦ ወደ ቧንቧው ወይስ ወደ ባጃጁ

ሰው ሁሉ "ቶሎ ሀኪም ቤት!" ይላል፣ ልክ ነው፣ ግን ከባጃጁ በፊት ቧንቧው ይቀድማል። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ሰዓት አይታችሁ፣ ምክንያቱም ያመመው ሰው 2 ደቂቃዋን 15 ነው የሚላት። ለምን ሳሙና ብላችሁ እንደሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ዙሪያው የስብ ሽፋን አለው፣ ሳሙና ያንን ሽፋን ያፈርሰዋል፣ ውሃው ደግሞ ምራቁን ጠርጎ ይሄዳል። ላርጎም ሆነ የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ ያላችሁ ይበቃል፣ ምንም ከሌለ ውሃው ብቻውንም ቢሆን። ከዛ አዮዲን ወይም አልኮል ካለ ማድረግ።

ከዚህ ጋር ፌጦውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ አመዱን፣ ቡናውን አነጻጽሩት። አንዱም ቫይረሱን አይገድለውም፣ ጭራሽ ቁስሉን ያቆስለዋል፣ ያደፈነውን ነገር ደግሞ ሀኪሙ መልሶ ሲያጥብላችሁ ነው የምታለቅሱት። ቁስሉን ጥብቅ አርጎ ማሰርም አይሆንም። ለማሰፋት አትቸኩሉ፣ የውሻ ንክሻ ቶሎ ከተሰፋ ውስጡ ያለውን ቆሻሻና ቫይረስ ዘግቶ ማስቀመጥ ነው፣ ግድ ካልሆነ በቀር ይቆያል፣ እሱን ሀኪሙ ይወስን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የራሳችሁን ውሻ ወይም ድመት አቅፋችሁ አትሳሙ። የነካሹ ለሀጭ ፀጉሯ ላይ አለ፣ እጃችሁ ደግሞ የተቧጨረ ነው። ጓንት ካለ በጓንት፣ ከሌለ በፌስታል ያዟትና የሷንም ቁስል በሳሙና እጠቡላት፣ አፏን በለስላሳ ጨርቅ አሰር አርጋችሁ፣ ትንፋሽ እያያችሁ። እኔ ቡቺን ጋቢው ውስጥ ጠቅልዬ አንገቷን ብቻ አውጥቼ ነው ያጠብኳት፣ ጋቢው ያን ቀን ቢያንስ ለዚህ ጠቀመ።

መድኃኒተኛ፣ ጠበል ወይስ ክትባት

እዚህ ጋ ረዘም ላርገው፣ ሰው የሚሞተው እዚህ ምርጫ ላይ ስለሆነ።

የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ፣ ውሃ መፍራት፣ መዋጥ አለመቻል፣ መቃዠት ሲጀምር፣ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ግን ምልክቱ እስኪመጣ ጊዜ አለ። ቫይረሱ በደም አይደለም የሚሄደው፣ በነርቭ እየተሳበ ነው ወደ አንጎል የሚወጣው፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል፣ አንዳንዴ ሳምንት ብቻ፣ አንዳንዴ ከአመት በላይ። ፊትና አንገት ላይ የተነከሰ ሰው መንገዱ አጭር ነው፣ እጅም ነርቭ ስለሚበዛበት አደገኛ ነው፣ ቁመቱ ውሻው አፍ ጋ የሆነ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነከሰው ፊቱን ነው። ክትባቱ የሚሠራው ይሄን እሩጫ ቀድሞ ሰውነትን ስለሚያዘጋጅ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ማይስተር የሚባለውን የ9 አመት ልጅ ያዳነው በዚሁ ነው፣ ልጁ ከተነከሰ በኋላ ነው የተከተበው፣ ተርፏል። አዲስ አበባ ጉለሌ ያለው "ፓስተር" የምንለው ሰፈር ስሙ ከዚሁ ሰውዬ የመጣ ነው።

መድኃኒተኛው "ስንቱን አድኗል" የሚባለውን እኔም በልጅነቴ አምን ነበር። ቁጭ ብሎ ሲታሰብ ግን እንዲህ ነው፦ ከሚናከሱ ውሾች ብዙዎቹ ያበዱ አይደሉም፣ ያበደ ውሻ ከነከሳቸው ሰዎችም ሁሉም አይታመሙም። ስለዚህ አስር ሰው መድኃኒተኛ ጋ ሄዶ ምናልባት ዘጠኙ ቢተርፍ ያለ መድኃኒቱም ይተርፉ የነበሩ ናቸው፣ ምስክር ሆነው ሰፈር ለሰፈር የሚያወሩት ግን እነሱ ናቸው፣ አስረኛው አያወራም። በዛ ላይ ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት ስሮች አንዱ እንዶድ ነው፣ እንዶድ ደግሞ መርዛም ነገር ነው፣ የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው "በሽታው እየወጣ" ሆኖ አይደለም።

ጠበሉን በተመለከተ እኔ ከማንም ጋር አልጣላም፣ እናቴ ቡቺን በነከሰው ውሻ ተለክፈሃል ብላ ጠበል ይዛልኝ መጥታ ተረጭቻለሁ። ንጽጽሩ ግን ጠበል ወይስ ክትባት መሆን የለበትም። ተከትባችሁ ጠበል ሂዱ፣ ሁለቱ አይጣሉም። ሱባኤ ገብቼ ስወጣ እከተባለሁ የሚለው ግን ያስፈራኛል፣ ሱባኤው ሲያልቅ ቫይረሱ የት እንደደረሰ ማን ያውቃል።

እሺ ክትባቱስ የቱ ነው? በሰው አእምሮ የቀረው ያ ድሮ በበግ አንጎል ይሠራ የነበረው፣ ሆድ ላይ በየቀኑ ለ14 ቀን የሚወጋው ነው፣ ስንቱ ሰው እሱን ፈርቶ ቀርቷል። እሱ ከህመሙ ሌላ አልፎ አልፎ ነርቭ ላይ ጉዳት ያመጣል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲቀር ካለ ቆይቷል። አዲሱ በሴል ላይ የሚሠራው ክንድ ላይ ነው የሚወጋው፣ የተለመደው ፕሮግራም የመጀመሪያው ቀን፣ ከዛ 3ኛ፣ 7ኛ፣ 14ኛና 28ኛ ቀን ነው (የሚቆጠረው ከዜሮ ነው)፣ አጠር ያሉ ፕሮግራሞችም አሉ፣ ቆዳ ላይ በትንሽ በትንሹ የሚሰጥም አለ። ለነፍሰ ጡርም ለህፃንም ይሰጣል። ሁለቱንም ካገኛችሁ አዲሱን ምረጡ፣ ግልጽ ነው። የድሮው ብቻ ካለስ? ያኔ "አዲሱ እስኪመጣ" ብሎ ቤት መቀመጥ ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው፣ ባለሙያውን ጠይቃችሁ ያለውን ጀምሩ።

ሌላው ሰው የማያውቀው ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው ነው። ክትባቱ ሰውነታችሁ መከላከያ እንዲሠራ ያስተምረዋል፣ ያ ቀናት ይወስዳል፣ ይሄኛው ደግሞ የተዘጋጀ መከላከያ ነው፣ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል፣ ክትባቱ ከተጀመረ እስከ 7ኛው ቀን ድረስ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለሁሉም ሰው አይደለም፦ ውሻው ደህና ቆዳ ላይ ላሰ ብቻ ከሆነ መታጠብ ይበቃል፣ ደም የሌለው ትንሽ ጭረት ከሆነ ክትባት፣ ቆዳ ተበስቶ ከደማ ወይም ለሀጩ ዓይንና አፍ ውስጥ ከገባ ክትባትም ኢሚውኖግሎቡሊንም። የኔ ክንድ ሁለተኛው ነው፣ አውራ ጣቴ ሦስተኛው፣ የሚቆጠረው የከፋው ነው። እንደልብ አይገኝም፣ እሱን አልዋሻችሁም፣ ግን ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ፣ ያልተጠየቀ ነገር ማንም አይነግራችሁም።

የቱ ተቋም ጋ መሄድ ይሻላል ለሚለው፣ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ቁስሉን ያያል፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም ይሰጣል፣ የእብድ ውሻ ክትባት ግን ሁሉ ቦታ ሁልጊዜ የለም። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ (ስሙን ልተወው) "አልቋል፣ ሰኞ ተመለስ" አሉኝ፣ ቀኑ ሐሙስ ነበር። እሺ ብዬ ወጥቼ ነበር፣ ደጅ ላይ አንዲት ነርስ "አንተየ ሰኞ ድረስ ምን ትሠራለህ፣ ሌላ ቦታ ደውል እንጂ" ስትለኝ ነው የነቃሁት። ስለዚህ ከሞጣም ሁኑ ከብቸና፣ ከቡሬም ሁኑ ከፍኖተ ሰላም፣ ከመንገዱ በፊት ስልኩ ይቅደም፣ አጠገባችሁ ካለው ሆስፒታል ጀምራችሁ ደብረ ማርቆስ ወይ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይ ጥበበ ጊዮን የሚሠራ ዘመድ ወዳጅ ፈልጋችሁ "አለ ወይ" በሉ። ከማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሳችሁ የለም እንዳትባሉ። ሁለት ቀን አለፈኝ ብላችሁም አትተዉት፣ ምልክት እስካልጀመረ ድረስ ዘገየ ተብሎ አይቀርም።

ማናለብኝን መግደል ወይስ ማሰር

እኔ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ ብባል ይሄን ነው የምላችሁ፦ የነከሳችሁ ውሻ ከሞተው ይልቅ በህይወት ያለው ይጠቅማችኋል።

ምክንያቱም ያበደ ውሻ ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ የሚገኘው ከመታመሙ ጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ ነው፣ ከዛ ታሞ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ በነከሳችሁ በ10 ቀኑ ደህና ሆኖ እየበላ እየጠጣ ከቆየ የነከሳችሁ ጊዜ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። 10 ቀን፣ አለቀ። የቤት ድመት ከነከሰም ያው 10 ቀን ነው። ክትባቱን ግን 10 ቀኑን ጠብቃችሁ አይደለም የምትጀምሩት፣ ትጀምራላችሁ፣ ውሻው ደህና ከሆነ ሀኪሙ ያቆምላችኋል። እኔ ሦስተኛውን ከተወጋሁ በኋላ ነው የቆመልኝ።

ከገደላችሁት ይሄ ሁሉ የለም። ማወቂያው አንጎሉን ላቦራቶሪ መመርመር ብቻ ይሆናል፣ ለዛ ደግሞ ራሱ ያልተፈረከሰ መሆን አለበት፣ የኛ ሰው ውሻ ሲገድል የሚመታው ደግሞ ራሱን ነው! ሬሳው ሳይሸት፣ በበረዶ ቀዝቅዞ፣ በእንስሳት ጤና ባለሙያ ተቆርጦ መላክ አለበት፣ ከዚህ አዲስ አበባ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ነው። በሕግም ቢሆን የሰው ንብረት ገድላችሁ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ልትዞሩ ትችላላችሁ። አሳልፎ ለሌላ ሰው መስጠት ወይም ገጠር መላክ (ጎረቤቴ መጀመሪያ ያሰቡት እሱን ነበር፣ "ለወንድሜ እሰደዋለሁ፣ ዓይንህ እንዳያየው") ለናንተ ከመግደሉ እኩል ነው፣ ማየት አትችሉማ።

መግደል የሚያስኬደው አንድ ቦታ አለ፣ ውሻው በግልጽ ያበደ ሲሆን፣ ሰውና ከብት እየዞረ ሲለክፍ። ምልክቱን እወቁት፦ ድምፁ ይሻክራል፣ እንጨትና ድንጋይ ያኝካል፣ ጌታውን አያውቅም፣ አቅጣጫ የሌለው ሩጫ ይሮጣል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል። ሌላም አይነት አለ ሰው የሚዘነጋው፣ ዝም ብሎ ጨለማ ውስጥ የሚተኛ፣ መንጋጋው የወረደ፣ መዋጥ ያቃተው፣ "አጥንት አንቆት ነው" ብለው እጃቸውን አፉ ውስጥ የሚከቱት እሱ ጋ ነው፣ በፍጹም። እንዲህ ሲሆን ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያና ለፖሊስ መንገር፣ ጭንቅላቱን አለመምታት።

ስታስሩት ደግሞ በሰንሰለት፣ ግቢ ውስጥ፣ ልጆች በማይደርሱበት፣ ምግቡን ከሩቅ እየገፉ። "ተከትቧል" ቢሏችሁ ወረቀቱን ጠይቁ። የኔ ጎረቤት "እንዴ ባለፈው ተወግቷል" አሉኝ፣ ሲጣራ የትል መድኃኒት ነው። የውሻ ክትባት 3 ወር ሲሞላው ይጀመራል፣ ከዛ በየጊዜው መደገም አለበት፣ ወረቀት ቢኖረውም 10 ቀኑ አይቀርም።

ለቡቺስ፦ መጠበቅ፣ መነጠል ወይስ መሰናበት

የእንስሳት ክሊኒክ ቁስሏን ያጸዳል፣ የተቀደደ ጡንቻ ካለ ይሰፋል፣ አንቲባዮቲክ ይሰጣል፣ የውሻ ጥርስ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ መስሎ ከስር ቆዳውን ከሥጋው ለይቶት ይገኛል፣ ስለዚህ "ትንሽ ናት" ብላችሁ አትተዉ። ከዛ ዋናው ጥያቄ ነካሹ ያበደ ቢሆንስ የሚለው ነው።

ውሻችሁ ቀድማ የተከተበች ከሆነ ቶሎ ክትባቱ ይደገምላትና 45 ቀን እናንተ ጋ በክትትል ትቆያለች። ካልተከተበች ግን ምርጫው መራር ነው፣ ነካሹ ማበዱ ከተረጋገጠ ወይም ጠፍቶ ከቀረ ወይ በሀኪም እጅ እንድታርፍ ማድረግ ወይ ደግሞ ተከትባ ሰውና እንስሳ የማይደርስባት ቦታ 4 ወር ያህል ለብቻዋ መቆየት ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሦስት ልጅ ላለው ሰው 4 ወር መነጠል ማለት የማይሆን ነገር ነው፣ ራሳችሁን አትሸውዱ፣ በስምንተኛው ቀን ትንሹ ልጅ ከፍቶ ይገባል። የማትችሉት ከሆነ መራሩን መምረጥ ጭካኔ አይደለም። ነካሹ ታስሮ 10 ቀኑን ደህና ከጨረሰ ግን ይሄ ሁሉ ጭንቀት የለም፣ ለዛም ነው አትግደሉት የምለው፣ የናንተም ውሻ ነፍስ እዛ ሰንሰለት ላይ ነው የታሰረው።

ገጠር ያላችሁ፣ የተነከሰው ጥጃ ወይ ላም ወይ አህያ ከሆነ ከብቷን ከመንጋው ለዩና ባለሙያ ጥሩ፣ ወተቱን ሳይፈላ አትጠጡ፣ "ሳትሞት እንረዳት" ብሎ ጥሬ ሥጋ መብላትማ አይታሰብም። አፏን ሊያዩ ብለው እጃቸውን የሚከቱ አሉ፣ በሬም ላምም በምራቁ ያስተላልፋል።

ከጎረቤት ጋር፦ ዝምታ፣ ሽማግሌ፣ ቀበሌ ወይስ ፍርድ ቤት

ዝምታ መጀመሪያ ርካሽ ይመስላል። እድር አብራችሁ ናችሁ፣ ነገ ሀዘን ቢደርስ ድንኳን የሚተክልላችሁ እሱ ነው፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። ግን ዝም ያለ ሰው በሆዱ ይዞ ይቀራል፣ ውሻው ደግሞ ሌላ ቀን የሌላ ሰው ልጅ ይነክሳል፣ ያኔ "ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ" የሚባለው እናንተ ናችሁ።

ሽማግሌ ለኛ አገር ሰው የሚሠራ ነገር ነው፣ እኔም የመረጥኩት እሱን ነው። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ ወጪ የለውም፣ ጉርብትናው ይተርፋል። ድክመቱ ግን አለው፦ "ይቅር ለእግዚአብሔር በሉ" ብሎ ቶሎ መዝጋት ይወዳል፣ ተሳሳማችሁ ቡና ጠጥታችሁ ስትወጡ ለክትባቱ የወጣውን ማን ይክፈል የሚለው ሳይነሳ ይቀራል። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት የምትፈልጉትን ቁረጡ። እኔ አራት ነገር ነው የጠየቅኩት፣ የኔ ህክምናና ትራንስፖርት በደረሰኝ፣ የቡቺ ህክምና በደረሰኝ፣ ውሻው 10 ቀን ታስሮ እኔ በየቀኑ እንዳየው፣ በሩ እንዲጠገን። "ካሳ" የምትለዋን ቃል አላነሳሁም፣ ጎረቤቴ ኩሩ ሰው ናቸው፣ ካሳ ሲባሉ ፍርድ ቤት የቆሙ ይመስላቸዋል፣ "ያወጣሁትን" ስል ግን ወዲያው እጃቸው ኪሳቸው ገባ። የተስማማችሁትን በወረቀት ጻፉት፣ ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት፣ አለመተማመን አይደለም። እና በምንም አይነት "መጀመሪያ ሽምግልናው ይለቅ" ብላችሁ ክትባቱን አታቆዩ፣ ሽማግሌ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው የሚቀመጠው፣ ቫይረሱ እሁድን አይጠብቅም።

ጎረቤታችሁ "የኔ ውሻ አይደለም" ወይም "አንተ ነህ የነካካኸው" ካለ ወይም ይሄ ሁለተኛ ሦስተኛው ከሆነ ቀበሌና ፖሊስ ጋ ማስመዝገብ ይሻላል፣ ለመክሰስ ባታስቡም እንኳ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ይኑራችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን ይመለከታል፣ የታወቀ ተናካሽ ውሻ ፈትቶ የሚለቅ ሰው እዛ ሊገባ ይችላል። ግን ፖሊስ የናንተን ገንዘብ አያስመልስላችሁም፣ እሱ የፍትሐ ብሔር ነው።

ፍርድ ቤት ስትሄዱ ሕጉ ከምታስቡት በላይ ከናንተ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ሳያስበው አምልጦት ቢሆንም፣ ጉዳቱ ይመጣል ብሎ ባይገምትም። "በሩን ዘግቼ ነበር፣ ሠራተኛዋ ናት የከፈተችው" የሚለው ሰበብ አያወጣውም ማለት ነው። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 አመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ስለዚህ ዛሬ ተናዳችሁ መሮጥ የለባችሁም፣ ሽማግሌውን ሞክራችሁ ካልሆነ ጊዜ አለ። ድክመቱ ቀጠሮው ነው፣ ቀጠሮ ሲደራረብ የባጃጁና የፎቶ ኮፒው ወጪ ከጠየቃችሁት ሊበልጥ ነው፣ ጉርብትናውም እዛው ይቀራል። ጉዳቱ ትልቅ ከሆነ፣ ጣት ከተቆረጠ፣ የልጅ ፊት ከተበላሸ፣ ያኔ አትሸማገሉ አልልም ግን ጠበቃ ሳታማክሩ አትፈርሙ።

የትኛውንም ብትመርጡ ማስረጃው አንድ አይነት ነው፣ በዛው ቀን ካልተሰበሰበ ደግሞ አይገኝም፦ የቁስሉ ፎቶ ከመታሰሩ በፊት፣ የተከፈተው በር ፎቶ፣ ያዩ ሰዎች ስምና ስልክ፣ የሀኪም ወረቀት "በውሻ ንክሻ" ተብሎ የተጻፈበት፣ ደረሰኝ በሙሉ። እኔ የባጃጅ ደረሰኝ ከየት ላምጣ ብዬ ሾፌሩን ነው ያስፈረምኩት፣ ሽማግሌዎቹ ሳቁ ግን ተቀበሉት።

ማናለብኝ 10ኛ ቀኑን እየበላ እየጮኸ ጨረሰ፣ በየጠዋቱ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁት እሱም እያየኝ። በሩ ተጠግኗል፣ ማጠፊያው ላይ ሰንሰለት አለው። ቡቺ ጠባሳው ላይ ፀጉር አልበቀለላትም እንጂ ደህና ናት፣ "ማናለብኝ" ሲባል ከሰማች ግን ዛሬም አልጋ ስር ናት። ከጎረቤቴ ጋር ሁለቱንም ውሾች አብረን ወስደን እናስከትባለን ብለን ተስማምተናል፣ ማናለብኝን በመንገድ ላይ ማን ይያዘው የሚለው ላይ ነው ገና ያልተስማማነው።